ስለ ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያና ስለ አያቴ ነፍጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከሳይንስ ክበብ አባላት በአንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)






የክበባችን ኀላፊ መምህር «በክፍል ውስጥ ከተማራችሁት አንዱን ከቤታችሁ ነገር ጋር አገናኝታችሁ ንገሩን» ብለው ባዘዙን ጊዜ፥ ጓደኞቼ አንዱ ስለ ጠላ አጠማመቅ፥ አንዱ ስለ ሸክላ ምጣድ መረጡ። እኔ ግን ከአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያደግሁበትን አሮጌ ነፍጥ መረጥሁ። ስለ ነፍጥ ስናገር ስለ ጠብ የምናገር እንዳይመስላችሁ አስቀድሜ እለምናችኋለሁ። የምናገረው ስለ ዓይን፥ ስለ ብርሃንና ስለ ጥንቃቄ ነው።

አያቴ ከዚህ ከአራዳ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ይኖራሉ። ነፍጡ ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ በአፈሙዙ በኩል ባሩድና አረር የሚጎርስ፥ በመቀጣጠያ ቆብ የሚተኮስ፥ ሰደፉ በእጅ ብዛት የጠቆረ ነው። አንድ ቀን ከግድግዳው ላይ አውርደው ወደ ትከሻቸው አስጠጉና በመስኮቱ በኩል ወደ ዋርካው አነጣጠሩ። ጥቂት ቆይተው መልሰው አወረዱትና «ልጄ፥ ይህ ነፍጥ ከእኔ ጋር ጠብ የለውም፤ ዓይኔ ነው የከዳኝ። የፊቱ ጉብታ ጉም ለብሶ ይታየኛል» አሉኝ። ቀጥለውም «አንተ የተማርህ ነህና አንዲት መላ ፈልግልኝ፤ አንድ ቀን ብቻ ዒላማ መትቼበት ልሙት» አሉ። እኔም «እሺ አባባ» አልሁ። እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ ሥራው ግን ብዙ ነገር አስተማረኝ።

መላውን ከመናገሬ በፊት ስለ ነፍጥና ስለ አገራችን ጥቂት እንዳስታውስ ይፈቀድልኝ። በዓመት በኩል ስለ አገራችን ስናገር በእኛ አቆጣጠር፥ ስለ ውጭ አገር ስናገር በእነርሱ አቆጣጠር ነው።

ነፍጥ ወደዚህ ወደ ጣና ዙሪያ በብዛት የገባው ከአምስት መቶ ዓመት ጥቂት ባነሰ ጊዜ ነው። ክሪስቶፎር ደ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ነፍጠኞች ይዞ በ1533 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ገባ። ኢማም አሕመድም የቱርክ ነፍጠኞች ነበሩት። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ኢማሙ በወይና ደጋ ጦርነት በጥይት ተመትተው ወደቁ። የዚያ ዘመን ነፍጥ በሚነድ ፈትል የሚለኮስ ነበር፤ ዝናብ ከመጣ ፈትሉ ይጠፋል፥ ነፋስ ከመጣ ባሩዱ ይበተናል። ከዚያ በኋላ ባልጩት እሳት የሚያወጣለት መጣ፤ ከዚያም መቀጣጠያ ቆብ ያለው መጣ። ሁሉም ግን አንድ ጠባይ አላቸው፤ ባሩዱም አረሩም የሚገቡት በአፈሙዝ በኩል ነው።

የዚህን ጠባይ ጉዳት ከሁሉ ይልቅ ያየው የእኛው አገር ሰው ነው። አጼ ቴዎድሮስ ቋራ ተወልደው፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑ ንጉሥ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው፥ በሥርዓት የሠለጠነ ጦርና መድፍ ምን እንደሚያደርግ በዓይናቸው አይተዋል። በኋላም በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሠራተኞችንና የአገር ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት ለዚሁ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። ይህን ሸክም በገደልና በሸለቆ፥ መንገድ እየጠረጉ እስከ መቅደላ አደረሱት።

በስቅለት ዕለት በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ግን በአሮጌ ሜዳ ላይ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ገጠመ። የእኛ ሰዎች ይዘውት የነበረው አብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ነው። የእንግሊዝ እግረኛ ግን ሰናድር ይዞ ነበር። ሰናድር እንግዲህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ እንፊልድ የተባለው በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ከበስተኋላው ተቆርጦ፥ ጥይቱን በኋላ በኩል እንዲጎርስ የተደረገ ነው። በአፈሙዝ የሚያጎርስ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል ሲተኩስ፥ ባለ ሰናድር 10 ጊዜ ያህል ይተኩሳል። በዚያ ቀን ከእኛ ወገን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ከሞቱት አንዱ ናቸው። ከእንግሊዝ ወገን 20 ሰው ቆስሎ፥ ከእነርሱ የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። በሦስተኛው ቀን፥ በፋሲካ ማግስት፥ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ራሳቸውን ሠዉ።

ጀግንነት አልጎደለም ነበር። የጎደለው ሌላ ነው፤ ይኸውም የመሣሪያ ዕውቀት ነው። ይህን የምለው የሞቱትን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛ በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥነው ምን እንደጎደለ አይተን እንድንሞላ ስለ ሆነ ነው።

አሁን ወደ አያቴ መላ ልመለስ።

ተራ ማነጣጠሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በበርሜሉ ላይ ወደ ኋላ ያለው ጥርስ የተቈረጠለት ብረት ነው፤ ሁለተኛው ከአፈሙዙ አጠገብ ያለው ጉብታ ነው። ተኳሹ ጥርሱን፥ ጉብታውንና ዒላማውን በአንድ መስመር ማየት አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ አንድ ርቀት ብቻ ነው ጥርት አድርጎ የሚያይ። ጥርሱ ግማሽ ሜትር ያህል፥ ጉብታው ከአንድ ሜትር ጥቂት ያለፈ፥ ዒላማው ደግሞ 50 ወይም 100 ሜትር ይርቃል። የወጣት ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ በፍጥነት ይዘላል፤ በዓይኑ ውስጥ ያለው ምስሪት ገና ለስላሳ ነውና ይሰባሰባል፥ ይዘረጋል። ሰው 45 ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ይህ ምስሪት እየደረቀ ይሄዳል፤ ቅርቡን ነገር ማየት ያቅተዋል። አባቶቻችን መጽሐፍ ሲያነቡ ክንዳቸውን የሚዘረጉት ስለዚህ ነው። አያቴም «ጉም ለበሰ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ይህን ሦስት ነገር ወደ ሁለት ያወርደዋል። በኋላ በኩል፥ ከጥርሱ ብረት ይልቅ ለዓይን ቀርቦ፥ መሃሉ የተበሳ ትንሽ የብረት ገበታ ይቆማል። ተኳሹ ቀዳዳውን አያይም፤ በቀዳዳው ውስጥ አሳልፎ ያያል እንጂ። ዓይን ባሕርይው ሆኖ ብርሃን ወደ በዛበት፥ ይኸውም ወደ ቀዳዳው መሃል፥ ራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ተኳሹ የሚያስበው ስለ ፊተኛው ጉብታና ስለ ዒላማው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ከዚህ ይበልጣል። ጠባብ ቀዳዳ ወደ ዓይን የሚገባውን የብርሃን ጨረር ያቀጥነዋል። ቀጭን ጨረር በዓይን ውስጥ ብዙ ሳይበተን ያርፋል፤ ስለዚህ ቅርብ ያለውም ሩቅ ያለውም ነገር አብሮ ይጠራል። የፎቶግራፍ መሣሪያን የምታውቁ ሰዎች የብርሃን መግቢያው ሲጠብ የቅርቡም የሩቁም ምስል አብሮ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። እኔም ወደ ብረት ሥራ ከመሄዴ በፊት በመርፌ የበሳሁትን የደብተር ሽፋን ወሰድሁና አያቴ በእርሱ ውስጥ አሳልፈው የነፍጡን ጉብታ እንዲያዩ ለመንሁ። ዝም አሉ። ከዚያም ካርቶኑን ከዓይናቸው አራቁ፥ መልሰው አስጠጉ። «ይኸ ምን አስማት ነው? ጉሙ ተገፈፈ!» አሉ። አስማት አይደለም አባባ፥ ፊዚክስ ነው አልኋቸው።

በዚህ ዐይነቱ ማነጣጠሪያ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በሐምሌ 1860 ላይ በእንግሊዝ አገር በዊምብልደን የዒላማ ውድድር ሲከፈት፥ ንግሥት ቪክቶሪያ በማስቀመጫ ላይ የታሰረ ዊትወርዝ ጠመንጃ ከ400 ያርድ ተኮሱ። ጥይቱ ከዒላማው መሃል 3 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ርቆ መታ። ጠመንጃው በአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር። በመስከረም 1874 ደግሞ በኒው ዮርክ አቅራቢያ በክሪድሙር፥ አየርላንዳውያን ሪግቢ የተባለውን በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፥ አሜሪካኖች በኋላ የሚጎርሱትን ሬሚንግተንና ሻርፕስ ይዘው ተወዳደሩ። ርቀቱ 800፥ 900 እና 1000 ያርድ ነበር። በሁለቱም ወገን ጠመንጃዎቹ ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ነበራቸው። አሜሪካኖች በ934 ነጥብ አሸነፉ፤ አየርላንዳውያን 931 አገኙ።

ሦስት ነጥብ ብቻ! ነገር ግን ስሙኝ። ከአየርላንዳውያን አንዱ በ900 ያርድ ላይ የዒላማውን ልብ መታ፤ የመታው ግን የራሱን ዒላማ ሳይሆን የጎረቤቱን ነበር። እንደ ሳተ ተቈጠረበት፤ አራት ነጥብ ጠፋ። እንግዲህ ምንም ያህል ጥሩ ማነጣጠሪያ ቢኖር ጥርት አድርጎ ያሳያል እንጂ የትኛውን ማየት እንደሚገባን አይነግረንም። ይህን ለፈተና የምንዘጋጅ ተማሪዎች ብናስታውሰው መልካም ነው።

አሁን ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ሲመረጥ ምን መታየት እንዳለበት ልናገር። ያገኘሁት ትምህርት በአራት ጥያቄ ይጠቃለላል።

አንደኛ፥ ለምን ሥራ ነው? ቆሞ ተረጋግቶ ለዒላማ ለሚተኮስበት ቀዳዳው ጠባብ፥ ገበታው ሰፊ ይሆናል፤ 1 ሚሊሜትር ወይም ጥቂት የሚበልጥ ቀዳዳ ይበቃል። በማለዳና በምሽት ለሚታደንበት ቀዳዳው 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ፥ ጠርዙ ቀጭን መሆን አለበት፤ ጠባብ ቀዳዳ በጨለማ ዓይንን ያሳውራልና።

ሁለተኛ፥ ቀዳዳው እጅግ ቢጠብ ይሻላል ወይ? አይሻልም። መጀመሪያ ብርሃኑ ያንሳል። ከዚያም አልፎ፥ ብርሃን እጅግ በጠበበ ቀዳዳ ሲያልፍ በጠርዙ ላይ ይበተናል፤ የጠራው መልሶ ይደበዝዛል። እኛ በካርቶን ላይ አምስት ልዩ ልዩ ቀዳዳ በስተን አያቴን አንድ በአንድ አሳየናቸው። የመረጡት አንድ ሚሊሜትር ተኩል የሆነውን ነው። እንግዲህ ቀዳዳውን የሚመርጠው መጽሐፍ ሳይሆን የባለቤቱ ዓይን ነው።

ሦስተኛ፥ ወደ ላይና ወደ ታች፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳል ወይ? ካልተንቀሳቀሰ ጌጥ ብቻ ነው። የማስተካከያው ሕግ ቀላል ነው። ጥይቱ እንዲሄድበት ወደምትፈልገው አቅጣጫ የኋላውን ማነጣጠሪያ አንቀሳቅስ፤ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ወደ ቀኝ፥ ወደ ላይ እንዲሄድ ወደ ላይ። የፊተኛው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ምን ያህል ለሚለው ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖችን የተማርን ሁሉ እናሰላዋለን። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 80 ሳንቲሜትር ነው እንበል። በ50 ሜትር ላይ ጥይቱ 25 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከመታ፥ 25 በ80 ተባዝቶ ለ5000 ሲካፈል 0.4 ሳንቲሜትር ይሆናል። ስለዚህ የኋላው 4 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ማነጣጠሪያው ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ስሕተት እንደሚያንስም ከዚሁ ይታያል። የአንድ ሚሊሜትር ስሕተት ማነጣጠሪያዎቹ 60 ሳንቲሜትር ሲራራቁ በ50 ሜትር ላይ 8 ሳንቲሜትር ያህል ያስታል፤ 80 ሳንቲሜትር ሲራራቁ ግን 6 ሳንቲሜትር ያህል ነው።

አራተኛ፥ የት ላይ ይታሰራል? እኔና የአክስቴ ልጅ ሥራውን ስንጀምር በርሜሉን ሰርስረን በብሎን ልናስር ነበር ያሰብነው። አንድ ብረት ሠራተኛም «አምጡት፥ በአንድ ሰዓት እበሳላችኋለሁ» አሉን። ነፍጡን በነጠላ ጠቅልለን ልንወስድ ተነሣን። አያቴ ግን ከደጃፍ ላይ ጠሩንና «ቆዩ፤ ነፍጥ ከቤት ሲወጣም ሲገባም ሆዱ ይዳሰሳል» አሉ።

የነፍጥ ሆድ እንዴት እንደሚዳሰስ አላውቅም ነበር። አያቴ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው፥ ፊታቸውን ከአፈሙዙ ፊት አርቀው፥ የባሩድ መጠቅጠቂያውን ዘንግ ወደ ውስጥ ቀስ አድርገው ሰደዱ። እስከ ቆመበት ድረስ በአፈሙዙ ትክክል በከሰል ምልክት አደረጉበት። ከዚያ አውጥተው በርሜሉ ላይ በውጭ በኩል አስተኙት። ነፍጡ ባዶ ቢሆን ዘንጉ መቀጣጠያው ቆብ ከሚቀመጥበት ጡት አጠገብ መድረስ ነበረበት። አራት ጣት ያህል ቀረው።

ነፍጡ ጎርሶ ነበር!

ጓደኞቼ፥ እኔ በዚያ ግድግዳ ሥር ድክ ድክ ብዬአለሁ። ታናሽ እኅቴ በዚያ ሥር ትምህርቷን ታጠናለች። በበዓል ቀን የሰፈር ልጆች አውርደው ይጫወቱበት ነበር። ማን እንዳጎረሰው፥ መቼ እንዳጎረሰው አያቴም አያውቁም፤ እርሳቸው ከወረሱት ጀምሮ ተኩሰውበት አያውቁም። እኛ ደግሞ ያንን በርሜል በእሳትና በመሰርሰሪያ ፊት ልናቀርበው ነበር። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካልነካው ከብዙ ዘመን በኋላም ኀይሉን አይለቅም፤ ብልጭታ ወይም ሙቀት ይበቃዋል። አያቴ ነፍጡን በእርጋታ መሬት ላይ አስተኙት፤ እጃቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ለረጅም ጊዜ ሳይናገሩ ቆዩ። በመጨረሻ «ሞትን በቤቴ ግድግዳ ሰቅዬ ልጆቼን በሥሩ አሳደግሁ» አሉ።

ነገሩን ለቀበሌያችን የጸጥታ ሰዎች ነገርን፤ እነርሱም የጦር መሣሪያ ጥገና የሚያውቅ ሰው አመጡልን። እርሱም ባሩዱን በፈሳሽ አርሶ ካመከነ በኋላ አረሩን በልዩ መሣሪያ ስቦ አወጣው። ይህን ሥራ ማንም ተማሪ በራሱ እንዳይሞክር አደራ እላለሁ። እንዲሁም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝ የሚከለክል መሆኑን ወላጆቻችን ታውቃላችሁ፤ አሮጌ ነው ብሎ ዝም ማለት አይገባም።

ባለሙያው ነፍጡ ባዶ ከሆነ በኋላ ስለ መሰርሰሩ ጠየቅነው። የመለሰልን እንዲህ ነው። የባሩዱ ግፊት ከሁሉ የሚበረታው በበርሜሉ ኋላ በኩል፥ ባሩዱ በሚነድበት ስፍራ ነው። በዚያ ላይ የተበሳ ቀዳዳ፥ ጥልቅ ባይሆንም፥ ብረቱን ያደክማል። በብየዳ ማጣበቅም እንደዚሁ ነው፤ የአሮጌ በርሜል ብረት በእሳት ጠባዩ ይለወጣል። ነገር ግን ከበርሜሉ ኋላ ወደ ሰደፉ የሚዘረጋ፥ እንጨቱንና ብረቱን የሚያያይዝ ጅራት የመሰለ ብረት አለ። በዚያ ላይ ግፊት አይደርስም፤ ቀድሞውንም አንድ ብሎን አለበት። ማነጣጠሪያው በዚያ በነበረው ብሎን ቢታሰር አዲስ ቀዳዳ አያስፈልግም፤ ሲያስፈልግም ተፈትቶ ነፍጡ እንደ ቀድሞው ይሆናል።

ይህ ምክር ለቅርስ ጥበቃም ይበጃል። ሰው አሮጌውን ዕቃ ሲያሻሽል ታሪኩን እንዳያበላሽ ማሰብ አለበት። የተበሳ ብረት አይመለስም። እኛ የፋሲል ግቢን በየዕለቱ እያየን የምናድግ የጎንደር ልጆች ይህን ካላወቅን ማን ያውቀዋል?

ከዚያ በኋላ ሥራው ደስ የሚል ሆነ። መጀመሪያ ማነጣጠሪያውን ከእንጨት ቀርጸን ሞከርን፤ እንጨት ቢበላሽ ኪሳራው ትንሽ ነውና። ከአፈሙዙ መሃል እስከ ጅራቱ ብረት ክር ወጥረን፥ ቀዳዳው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዳያዘነብል አስተካከልን። አያቴ ሰደፉን ጉንጫቸው ላይ ሲያስጠጉ ቀዳዳው ከዓይናቸው ትክክል መቆሙን፥ ነገር ግን ነፍጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ ስለሚመታ ብረቱ ቅንድባቸውን እንዳይነካ ርቆ መቆሙን ለካን። ልኩ ሲገኝ አንድ የቀጥቃጭ ልጅ ከናስ ሠራልን። የድሮው ብሎን ጥርስ ዛሬ በሱቅ ከሚሸጠው ጋር ስለማይገጥም፥ ጥቂት የሚረዝም ሌላ ብሎን በእጁ በሞረድ አወጣልን፤ አሮጌውን ብሎን በጨርቅ ጠቅልለን አስቀመጥነው። ናሱ በፀሐይ እንዳያብረቀርቅ በዓይን በኩል ያለውን ፊት በኩራዝ ጥላሸት አጠቆርነው።

አንድ ነገር ረስተን ነበር። አዲሱ ቀዳዳ ከድሮው ጥርስ ይልቅ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ የፊተኛው ጉብታም በዚያው ልክ ካልረዘመ ነፍጡ ከዒላማው በላይ ይመታል። ስለዚህ በጉብታው ላይ የሚጠለቅ ትንሽ የናስ ቆብ አሠራን፤ እርሱም ሲፈለግ የሚወልቅ ነው። አንዱን ጫፍ ሲያስተካክሉ ሌላውን ጫፍ መርሳት የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው።

ታዲያ አያቴ ዒላማቸውን መቱ ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አልመቱም፤ አልተኮሱምም። ሥራው ባለቀ ቀን ባዶውን ነፍጥ አንሥተው በቀዳዳው አሳልፈው ዋርካውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ቅጠሉ ሳይቀር እንደሚታያቸው ነገሩኝ። ከዚያ ነፍጡን ሰጡኝና «ይበቃኛል፤ ማየቴን ነው የፈለግሁት። የተረፉትን ልጆች ነፍጥ አተኩሼ አላስደነግጣቸውም» አሉ። መልሰን ሰቀልነው። አሁን ባዶ ነው፤ ዘንጉም በውስጡ እስከ መጨረሻው ገብቶ የሚታየው ምልክት ባዶነቱን ለመጣው ሁሉ ይመሰክራል።

የነገሩ ፍጻሜ ግን ይህ አይደለም። የፊዚክስ መምህራችን ታሪኩን በነገርኋቸው ጊዜ «ያችን የተበሳች ካርቶን ሐኪሞችም ይሠሩባታል» አሉኝ። የዓይን ሐኪም የታማሚውን ዓይን ሲመረምር በትንሽ ቀዳዳ ውስጥ አሳልፎ ፊደል ያስነብበዋል። በቀዳዳው ውስጥ በደንብ ካነበበ፥ ችግሩ በአብዛኛው በመነጽር የሚቃና ነው ማለት ነው። በቀዳዳውም ካላነበበ ሌላ ሕመም ሊኖር ስለሚችል ይመረመራል። እንግዲህ አያቴ በካርቶኑ ውስጥ ጉብታውን ጥርት አድርገው ማየታቸው የምሥራች ነበር፤ እኛ ግን አላወቅነውም ነበር።

አያቴ ለስድስት ዓመት ያህል ዳዊት በቃላቸው እንጂ ከመጽሐፍ አልደገሙም። «አንቱ አልታወሩም፤ ዓይንዎ መነጽር ነው የሚፈልገው» ብዬ ስነግራቸው አላመኑኝም። ካርቶኗን በአንድ እጃቸው፥ ዳዊታቸውን በሌላ እጃቸው አስያዝኋቸውና በመስኮቱ ብርሃን አቆምኋቸው። ቀስ እያሉ፥ ፊደል በፊደል፥ አንድ መስመር አነበቡ። ከዚያ ካርቶኗን አልመልስም አሉኝ። በማግሥቱ ወደ ዓይን ሐኪም ሄድን፤ ሐኪሙም የሰጣቸው መነጽር ብቻ ነው። ዛሬ ከአባቶች መካከል፥ በሁለተኛው ረድፍ፥ መነጽር አድርገው ተቀምጠዋል።

ክቡራንና ክቡራት፥ ንግግሬን በሦስት አደራ እፈጽማለሁ። ወላጆቻችን ሆይ፥ በቤታችሁ ግድግዳ ላይ አሮጌ ነፍጥ ካለ፥ ጎርሶ እንደሆነ ቆጥራችሁ ከልጆች አርቁ፤ የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁም አስመርምሩት። ጓደኞቼ ሆይ፥ «ዓይኔ ጠፋ» የሚሉ አያት ያሏችሁ ሁሉ፥ ዛሬ ማታ ካርቶን በመርፌ በስታችሁ አሳዩአቸው፤ ከዚያም ነገ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። ለትንሽ የመርፌ ቀዳዳ ትልቅ ሥራ አለ። ለሁላችንም ደግሞ፥ የአባቶቻችንን ዕቃ እንዳለ እንጠብቅ፤ የጎደላቸውን ዕውቀት ግን እኛ እንሙላ። በአሮጌ ሜዳ የወደቁት ያጡት ነገር ዛሬ በዚህ ግቢ ውስጥ በነጻ ይሰጣል፤ ቸል ብንለው ምክንያት የለንም።

ትምህርት ቤታችን ብዙ ልጆች አስተምሮ ገና ብዙ ልጆች እንዲያስተምር፥ እግዚአብሔር ዕድሜና ሰላም ይስጥልን።